ለቡዙ የተፈለገው ወንበር

— ሄሎ... ሄሎ? ማን ልበል?... አይሰማም። ጫጫታ ብቻ ነው የሚሰማኝ... ማሙሽ? አንተ ነህ እንዴ?

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ የያዘችው መቀሱን ላለማስቀመጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ለጎረቤት ሶፋ የምትቆርጠው አረንጓዴ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ በጠመኔ አስምራው ጨርሳለች። የታናሽ ወንድሟን ድምፅ ስትለይ ግን መቀሱን አስቀመጠች። ማሙሽ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አባታቸው ያቋቋመውን የወንበር ፋብሪካ የሚመራው እሱ ነው፤ አሥራ ስምንት ሠራተኛ አለው፤ ሁሉም «ሥራ አስኪያጅ» ይለዋል። በእሷና በእናቷ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ራሱ ደውሎ አያውቅም።

— ምን ሆነህ ነው?... ደህና ነኝ፣ ደህና ነን። አንተ ምን ሆነህ ነው?... እሺ፣ ከዚያ ጫጫታ ዘወር በልና አውራኝ... አዎ፣ አሁን ይሰማል።

— እማዬም ደህና ናት። እዚሁ ናት፣ መስኮቱ ሥር... አለች እንጂ፣ የት ትሄዳለች?... ሰባት ወር ነው ማሙሽ። ሁለት ወር አይደለም። ከመጣህ ሰባት ወር ሆነህ... እሺ፣ ለዚህ አይደለም የደወልከው። ተናገር።

እናቷ «ማሙሽ» የሚለውን ስትሰማ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። ከሦስት ዓመት በፊት ዳሌዋ ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የምትውለው እዚያው ወንበሯ ላይ ነው። ጆሮዋ ከበድ ብሏል፤ ከስልክ ውስጥ የሚወጣውን አትለይም። ቢሆንም በእጇ «ስጪኝ፣ ስጪኝ» እያለች ነበር።

— አዎ እማዬ፣ እሱ ነው... ደህና ነው፤ ኤግዚቢሽን ላይ ነው... እሰጥሻለሁ፣ ቆይ። መጀመሪያ የሚፈልገውን ይንገረኝ... ሄሎ፣ ቀጥል።

— ማንም አልቆመም? ትናንት ሙሉ ቀን?... ዛሬስ?... ሦስት ሰው። ሦስቱም ሽንት ቤት የት ነው ብለው... አልሳቅኩም። አልሳቅኩም አልኩህ።

እውነትም አልሳቀችም። ነገር ግን ይህን ስልክ ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች ቢባል ውሸት አይሆንም። ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ሃያ ሁለት ዓመት ወንበር አልብሳለች። በየዓመቱ በሚካሄደው የቤት ዕቃ ኤግዚቢሽን ላይ የፋብሪካውን ማሳያ ቦታ፣ ነጋዴው ሁሉ «ቡዝ» የሚለውን፣ የምታሰናዳው እሷ ነበረች። አባቷ በሞተ በሁለተኛው ወር ማሙሽ ቢሮው አስጠርቶ «አንቺም ደክመሻል፣ እማዬም ሰው ያስፈልጋታል» አላት። በማግስቱ መርፌዎቿን በካርቶን አድርጋ ወጣች። የዘንድሮውን ቡዝ የሠራው አንድ ስሙ የገነነ ዲኮር ሠሪ ነው።

— እና ዲኮር ሠሪህ ምን ይላል?... ታሪክ ይጎድለዋል?... ምን ማለት ነው ታሪክ ይጎድለዋል?... ቆይ፣ ታሪኩን ተወውና ምን እንደሚመስል ንገረኝ። ከቆምክበት ይታይሃል?... ጥሩ። አሥር እርምጃ ራቅ በል። ሥራ አስኪያጅ አትሁን፤ መንገደኛ ሁን። እግርህን አሞሃል፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትዞር ነው የዋልከው። እሺ፣ አሁን ምን ይታይሃል?

— ስንት ወንበር?... አሥራ አራት። አሥራ አራት ወንበር በዚያች ቦታ። ወንበር ነው የምታሳየው ወይስ መጋዘን?... ስድብ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። የሚያልፍ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነው፤ አሥራ አራት ከደረደርክለት አንዱንም አያይልህም... ቀጥል። ፊት ለፊት ምን አለ?... ጠረጴዛ። ከዳር እስከ ዳር?... ከጠረጴዛው ኋላስ?... ሁለቱ የሽያጭ ሠራተኞች። ተቀምጠው ስልክ እያዩ፣ አይደል?... አየህ። አጥር አጥረህ፣ ሁለት ዘበኛ አስቀምጠህ፣ ሰው አልገባም ትለኛለህ።

— ባነሩ ምን ይላል? አንብብልኝ... እሺ... እሺ... ገና ነው?... ማሙሽ፣ በቃህ። እኔ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ደከመኝ፤ ዕቃ የተሸከመ ሰው ቆሞ ሊያነብልህ ነው?... ቆይ፣ ቆይ። ያቺን መልሰህ አንብባት። «ከመሥራቹ» ብለህ የጀመርካትን።

ስትሰማ ጠመኔ የነካውን ጣቷን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ ደግማ ጠረገችው።

— «ከመሥራቹና ከልጃቸው የሃያ ዓመት ጥረት»... ልጃቸው አንድ ነው?... አይ፣ ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ። ፎቶውስ የማን ነው?... የአባዬና ያንተ። እሺ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት የት ነበርኩ?... ቦታ አልበቃም። ሦስት ሜትር ባነር ላይ ለእኔ ቦታ አልበቃም... ተወው። ተወው አልኩ እኮ፣ ለምን ታብራራልኛለህ?

— ወንበሮቹ ዙሪያ ምንድነው ያልከው?... ገመድ። ቀይ ገመድ... «አይንኩ» የሚል ጽሑፍም አለበት... ማሙሽ፣ ወንበር እኮ ነው የምትሸጠው። ዕንቁ አይደለም... አውቃለሁ ልባሱ ነጭ ነው፤ ማን ነጭ አልብስ አለህ?... ይቆሽሻል? ይቆሽሽ፣ ታዲያ። ሰው ቂጡን ያላሳረፈበትን ወንበር በምኑ አይቶ ነው የሚገዛው?

— ከፊት ለፊትህ ማነው ያለው?... ፍራሽ ሻጩ። እሱ ጋ ሰው አለ?... ተኝተዋል? ጫማቸውን አውልቀው?

አሁን ሳቀች። እናቷም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራት ፈገግ አለች።

— ይኸውልህ። እሱ ዲኮር ሠሪ ቀጠረ? አልቀጠረም። ፍራሹን አነጠፈ፣ ተኙበት አለ፣ አለቀ... አባዬ መጀመሪያ የሄደ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንተ ትምህርት ላይ ነበርክ፣ አታውቀውም። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን ጥግ ነበር የሰጡን። አራት ወንበር ብቻ ነበረን። ባነር የለ፣ ምንጣፍ የለ። አባዬ አንዷን ወንበር መተላለፊያው አፍ ላይ ወስዶ ፊቷን ወደ ሰው አዞራትና እኔን «ዞር በይ፣ አታፍጪባቸው» አለኝ። አንዲት ሴትዮ ሁለት ፌስታል ይዛ ስትመጣ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ዘፍ አለችባት። አባዬ ሄዶ ምን አላት መሰለህ? ምንም። ውኃ አመጣላት። ሴትዮዋ እግሯን እያሻሸች «ወገቤን ደገፈኝ እኮ» አለች፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ተራ ይዞ ነበር የሚቀመጠው... አዎ፣ ጥግ ላይ። ከሽንት ቤቱ አጠገብ።

— ምን አስቸኮለህ?... ዘጠኝ ሰዓት? ዛሬ?... የትኛው ሆቴል?... አዲሱ? ያ ትልቁ?... ስንት ክፍል ነው?... እና ወንበሩን የሚገዛው ሰውዬ ራሱ ነው የሚመጣው ወይስ ሰው ይልካል?... ራሱ። እሺ፣ ባይፈርምስ?... ማሙሽ። ባይፈርም ምን ይሆናል?

ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ቀስ ብላ የስፌት በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

— ሁሉም ይባረራሉ?... አሥራ ስምንቱም?... ቀለም ቀቢዋም?... እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?... እሱማ አዎ፣ ብትነግረኝ ምን እንደምልህ ታውቃለህ።

ከአሥራ ስምንቱ ሰባቱን መርፌ ያስያዘቻቸው እሷ ናት። ቀለም ቀቢዋ ስታገባ መጋረጃዋን የሰፋችላትም እሷ ናት። ከፋብሪካው ስትወጣ በር ድረስ የሸኟት እነሱ እንጂ ማሙሽ አልነበረም። ንዴቷ አልበረደም፤ ለእነሱ ስትል ግን ወደ ጎን አደረገችው።

— እስክሪብቶ አለህ?... ያዝ። ጠረጴዛውን ከፊት አንስተህ ወደ ግራ ግድግዳ አስጠጋው። ሠራተኞቹ ይቁሙ። «ምን ልርዳዎት» አይበሉ፤ እንዲያ ሲባል ሰው «ዝም ብዬ እያየሁ ነው» ብሎ ያልፋል። «ወገብዎን አያምዎትም?» ይበሉት። የማያመው የለም... ሳቅ፣ ግን ጻፈው። ከአሥራ አራቱ ሦስቱን አስቀር... የቀሩትን ወደ መኪናው መልሳቸው፣ የት ላድርጋቸው ብሎ ነገር ምንድነው?... ወለሉ ከፍ ያለ ነው? እርከን አለው?... አስነሳው። ሰው እግሩን አንስቶ ለመውጣት ያመነታል፤ መሬት ለመሬት ሲሆን ግን ሳያውቀው ይገባልሃል... ምን?... ቆይ፣ ምን አልክ?

— የቱን ወንበር?

ከበርጩማው ተነስታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናቷ የተቀመጠችበት ወንበር አባቷ በመጨረሻው ዓመት የሠራው ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና አራት ወር ፈጀበት። የሚስቱን ቁመት በገመድ ለክቶ፣ መቀመጫውን ከሌላው ወንበር አራት ጣት ከፍ አድርጎ፣ መደገፊያ እጆቹን ወደ ፊት አስረዝሞ ነው የሠራው፤ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሁለቱን እጆች ተደግፋ ያለ ሰው እርዳታ ልትነሳ የምትችለው ከእሱ ብቻ ስለሆነ። የመቀመጫውን የቆዳ ጠፍር ያጠላለፈችው ግን ሴት ልጁ ናት። አባቷ ሥራውን አይቶ በጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረገና «ይይዛል» አላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዋ ምንም ሳይላት ሞተ።

— እሱ ነው የጎደለው ታሪክ? ዲኮር ሠሪህ ነው ያለህ?... የመሥራቹ የመጨረሻ ወንበር... በጠፍሩ ላይ መብራት ይወድቅበታል... ገባኝ፣ ገባኝ። ጥሩ ነው። በሙያ ካልከኝ ጥሩ ነው፣ አልዋሽህም። ሰው ከፋብሪካ ወንበር ይልቅ እሱን አይቶ ይቆማል... ግን እማዬ ናት ያለችበት። አሁን፣ በዚህ ደቂቃ... ለሁለት ቀን። ሁለት ቀን ምን ላይ ትቀመጥ?... ሶፋው ላይ ከተቀመጠች እኔ ካላነሳኋት አትነሳም፣ ታውቃለህ? አታውቅም። ከየት ታውቃለህ።

— አይ... አይ፣ ማሙሽ። ስለ ሠራተኞቹ አትንገረኝ፣ ሰማሁ... ልጠይቃት እችላለሁ። ግን ቀስ ብዬ... ምን ማለት ነው እየመጣ ነው?... ማን?... ሳትጠይቀኝ ነው የላክኸው?

ከውጭ የጭነት መኪና ቆመ። የፋብሪካው ሹፌር ባርኔጣውን አውልቆ፣ በእጁ ይዞ፣ በተከፈተው በር አንገቱን አስገባ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከአባቷ ጋር እንጨት ሲያመላልስ ነው ያረጀው።

— ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ... አዎ፣ ከሱ ጋር ነው የማወራው። አረፍ ይበሉ እስኪ... እማዬ፣ ጋሼ ናቸው... ማሙሽ ነው የላካቸው... ወንበርሽን ፈልጎ ነው። ኤግዚቢሽኑ ላይ ሊያሳየው... ይሄን፣ የተቀመጥሽበትን... ለሁለት ቀን ብሏል። አሁን እሺ አትበዪ፣ አስቢበት መጀመሪያ... እማዬ፣ እየነገርኩሽ እኮ ነው፣ ምን ላይ ልትቀመጪ ነው?

እናቷ ግን ያሰበችው ሌላ ነው። ልጇ ፈልጓታል። ፊቷ ላይ ብርሃን ፈሰሰ ማለት ይቻላል። በእጇ ቁምሣጥኑን አሳየች፤ ሰማያዊውን ካፖርት ነው የምትለው። ሴት ልጅዋ ስልኩን በአንድ እጅ እንደያዘች ካፖርቱን አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ማበጠሪያም ፈለገች። እሱንም ሰጠቻት።

— ሄሎ፣ አለህ?... እሺ ብላለች። ሳልጨርስላት ነው እሺ ያለችው... አትቸኩል፣ አንድ ነገር አለ። አብሬ እሄዳለሁ ትላለች... እማዬ ናታ፣ ሌላ ማን? ከወንበሩ ጋር፣ በመኪናው ጋቢና። ጋሼም ይይዟታል። ፀጉሯን እያበጠረች ነው... ለምን?... ለምን አይሆንም?

ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ወደ ኩሽናው በር ፈቀቅ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

— በሰው ፊት ማሙሽ ትለኛለች? እሱ ነው ችግሩ?... አንድ ነገር አሥር ጊዜ ታወራለች... እና ታውራ፣ ስለ አባዬ ነው የምታወራው... ቡዙ ምን ይመስላል?... የአረጋውያን መጦሪያ። እንደዚያ ነው ያልከው?... ማሙሽ፣ እየሰማኸው ነው የምትናገረውን?... አልነግራትም። እኔ አልነግራትም፣ አንተ ንገራት... ሥራ በዝቶብሃል። እሺ።

ዘወር ብላ አየች። እናቷ ካፖርቱን ለብሳ ከላይ ጀምራ እየቆለፈች ነው፤ ጣቶቿ ቁልፉን ቶሎ አያገኙትም፤ ከንፈሯን ነክሳ ትታገላለች። ሁለት ዓመት ያጠበቻት፣ ያለበሰቻት፣ ያበላቻት ይህቺ እናት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር «ማሙሽ ነው?» ብላ የምትጠይቅ እናት፣ ለእሷ እንደዚህ ተቻኩላ ካፖርት ለብሳ አታውቅም። አሁን ያደረገችውን ለምን እንዳደረገችው በኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃለች። በዚያች ደቂቃ ግን አልጠየቀችም። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ድምፅ ማጉያውን ተጫነች፤ እስከ ጥግ ጨመረችው፤ ከእናቷ ጉልበት አጠገብ ያዘችው።

— አልሰማሁህም ማሙሽ። መስመሩ ይቆራረጣል። እማዬ ለምን አትምጣ ነበር ያልከው?

ማሙሽ ደግሞ ተናገረው። የተጨነቀ ሰው ነውና ከመጀመሪያው አስረዝሞ፣ ስሙንም፣ ወሬዋንም፣ መጦሪያውንም ሳያስቀር፣ ያልነበረ ጨምሮበት ተናገረው። ሹፌሩ ባርኔጣውን ውስጡን እያየ አዞረው። የእናቷ ጣቶች ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆሙ።

— ሰማን... ሰማን ነው ያልኩህ... ስፒከር ላይ ነህ... ሁላችንም። ጋሼም አሉ... ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

የአዳራሹ ጫጫታ ብቻ ክፍሉን ሞላው፤ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ የሽልማት ቁጥር ይጠራል። ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር «አሁን ታየዋለች» አለ። አሁን ወንበሯን አትለቅም፤ አሁን ማን ማን እንደሆነ ትለያለች።

እናቷ ሁለቱን የወንበር እጆች ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሳች። ሴት ልጅዋ ልትይዛት ክንዷን ስትዘረጋላት እናቷ ሸሸቻት። ስልኩን አላየችውም። ያየችው ልጅዋን ነው፤ አየቻትና አንድ ነገር ጠየቀቻት።

— አይ እማዬ፣ እኔ እኮ... ጆሮዬ ከበደኝ ብዬ ነው... ሳላውቅ ነው... እማዬ፣ ተቀመጪ፣ ትወድቂያለሽ... እሺ። እሺ፣ አውቄ ነው።

እናቷ ለሹፌሩ በአገጯ ወንበሩን አመለከተችው። እሱ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ደግማ እስክታዘው ጠበቀ። ከዚያ ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ ወንበሩን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ አነሳው። እናቷ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ መኝታ ክፍሏ ገባች። በሩን ራሷ ዘጋችው። ለብዙ ጊዜ ያንን በር ራሷ ዘግታው አታውቅም ነበር።

ስልኩ እጇ ላይ ያወራ ነበር። ማጉያውን አጥፍታ ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

— አለሁ... አይ፣ አንተን አይደለም። አንተን ምንም አላለችም። እኔን ነው የተቆጣችው... ምን ትለኛለች፣ «እኔ አውቀው ነበር፤ አንቺ ለምን አሰማሽኝ» ነው ያለችኝ... አዎ። አውቀው ነበር ነው ያለችው... ዝም በል እስኪ። አታልቅስብኝ፣ አሁን ጊዜው አይደለም... አታናግርህም፣ በሯን ዘግታለች... ማሙሽ፣ ስንት ሰዓት ነው?... ጋሼ ሰባት ተኩል ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ተኩል አለህ። የያዝከውን ወረቀት አውጣ።

በመስኮቱ ሹፌሩ ወንበሩን በብርድ ልብስ ሲጠቀልል ታየዋለች። ድምፅዋ ደረቀ። ከዚህ በኋላ የተናገረችው ሁሉ፣ አባቷ ባለበት ዘመን ለሠራተኞቹ እንደምትናገረው፣ አንድ በአንድ ነበር።

— ወንበሩን መሃል አታድርገው። መተላለፊያው አፍ ላይ፣ ከቀኝ በኩል፤ ሰው ከዚያ ነው የሚመጣው... ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ጠፍሩ ከጎን እንዲታይ። መብራቱን ከላይ አታውርድበት፣ ቆዳው ያብለጨልጫል፤ ከጎን አምጣው... አንድ ብቻ። ሌሎቹን አምፖሎች አጥፋቸው። በሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚያበሩት... ገመዱን ቁረጠው። ገመድ የሚባል ነገር እንዳላይ... አይሰበርም። እሱ ወንበር ሰው እንዲደገፈው ነው የተሠራው... የሆቴሉ ሰውዬ ሲመጣ አታውራ። ተቀመጥም አትበለው። ቆሞ ይድከም፣ ራሱ ይቀመጣል። ተነስቶ ሲሄድ የወንበሩን እጆች ከያዘ ጨርሰሃል፤ እሱ ጋ የሚያድሩት ሽማግሌ እንግዶቹ ትዝ ይሉታል።

— ባነሩን? አውርደው... ሙሉውን ነው የምልህ። ስሜን አሁን ጻፍልኝ አላልኩህም፣ አውርደው ነው ያልኩህ... ወንበሩ ላይ ምንም አትለጥፍ። ከጠየቁህ ንገራቸው። አባቴ ለሚስቱ የሠራው ነው በል፤ እውነት ነው። «እና እናትህ የት ናት?» ካሉህ ግን የምትላቸውን አንተው ፈልግ። እሱን እኔ አላሰናዳልህም።

— እኔ?... አልመጣም... ማን ይይዛታል? አሁን አልጋ ላይ ናት፤ ከአልጋው የምትነሳው በእኔ ነው... ነገ?... ነገም። ከነገ ወዲያም... ቆይ፣ የምን ናሙና?... ሆቴሉ ከወደደው ይዞት ይሄዳል?... ለሁለት ቀን አልነበረም ያልከኝ?... ማሙሽ፣ ይሄን አሁን ነው የምትነግረኝ?

ወደ መስኮቱ ሮጠች። መኪናው ማዞሪያውን አልፎ ነበር፤ ጭሱ ብቻ ቀርቷል። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈችና እንደዚያው ሆና አወራችው።

— ሄዷል... አልችልም፣ ጋሼ ሲነዱ ስልክ አያነሱም... አይ፣ አትመልሰው። ሰውዬው ከፈለገው ስጠው። ፈርሞ ይውሰደው፤ ሰዎቹ ሥራቸው ላይ ይቆዩ... ሌላ ማን ሊሠራላት ነው? አባዬ የለ... አዎ፣ አውቃለሁ ትክሳታለህ። ፋብሪካ አለህ፣ አሥር ትሠራላታለህ። ልኳን የሚያውቅ ግን የለም... አላውቅም። እኔ ጠፍሩን ነው የሠራሁት፣ ልኩን አልጻፍኩትም።

ከመስኮቱ ርቃ፣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ በር ሄደች። ወንድሟ ያመሰግናታል፤ ቃላቱ ይጋጩበታል። በጣቷ ጫፍ በሩን አንኳኳች። ይህን በር ከዚህ በፊት አንኳኩታው አታውቅም።

— እማዬ... ልግባ?... ካፖርቱን ላውልቅልሽ፣ ይሞቅሻል... እማዬ?

— ሄሎ፣ አዎ፣ አለሁ... አልመለሰችልኝም... ማን?... ገና ሰባት እንኳን አልሆነም እኮ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልነበረም የተባለው?... ቀድሞ መጣ? ራሱ ነው?... ምን እያደረገ ነው?... ጠረጴዛውን ሳታነሳው? ገመዱንም?... እንግዲያው ሂድ። ሂድ፣ ስልክ ይዘህ አትጠብቀው። ወንበሩ እየመጣ ነው በለው፣ ውኃ ስጠው፣ አስቀም...

ስልኩ ተዘጋ። ከሩቅ የሚሰማው የአዳራሹ ጫጫታ አብሮ ጠፋ። ቀፎውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ በሩን እንደገና አንኳኳች።